ለበላይነሽ የሞላሁት ፎርም

የበደለችኝ በላይነሽ ናት። ጊዜው ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ ጥር ውስጥ፣ እዚሁ አሜሪካ ካልቨር ሲቲ በተደረገ ሠርግ ላይ ነው። ሙሽሮቹ ገና አልገቡም ነበር። ከክቡ ጠረጴዛ ማዶ አንገቷን አስግጋ፣ ስምንት ሰው እየሰማ፣ "እትዬ፣ ያንን ውኃ ያቀብሉኝ" አለችኝ።

ይሄ ምኑ በደል ነው እንደምትሉ አውቃለሁ። በላይነሽ ታላቄ ናት። በስንት እንደምትበልጠኝም ከእኔ ሌላ በዚህ አገር የሚያውቅ የለም፤ ካርቱም ሳለን የስደተኛ ፎርሟን የሞላሁላት እኔ ነኝ። በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። ታላቅ ታናሿን ሰው ፊት "እትዬ" ስትላት ማክበሯ እንዳይመስላችሁ። ዕድሜዋን ከትከሻዋ አውርዳ እኔ ትከሻ ላይ መጫኗ ነው። ስምንቱም ሰዎች ያን ቀን እኔን አሮጊት፣ እሷን ጎልማሳ አድርገው መዝግበው ተነሡ። ውኃውን አቀበልኳት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ውኃው ነው።

ከዚያ ወዲህ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በለቅሶ ቤት፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ መንገድ ለመሻገር መብራት ስንጠብቅ ሳይቀር እትዬ ስትለኝ ኖራለች። ሁለታችን ብቻ ስንሆን ግን በስሜ ትጠራኛለች። ያም ሆኖ በየቀኑ በስልክ እናወራለን። ሰው ጠላቱ ደኅና ማደሩን ካላወቀ ቀኑን ማንን ሲጠላ ይውላል?

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ነገሬ ስፖርት ነው።

ሚድ ዊልሻየር ሰፈር ከሚገኝ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ጉልበቴን ቀዶ ጥገና ከተደረግኩ በኋላ ደረጃውን ፊቴን ወደ መንገዱ አድርጌ መውረድ አቃተኝ። ብረቱን በሁለት እጄ ይዤ፣ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ፣ ከቤተ መቅደስ እንደሚወጣ ሰው ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያልኩ እወርድ ነበር። ከታች ያለው ጎረቤቴ ሃይማኖቴ መስሎት በወረድኩ ቁጥር ባርኔጣውን ያወልቅልኛል። አንድም ቀን አላረምኩትም። ከሚያዝንልኝ ቢያከብረኝ ይሻላል ብዬ ነው።

ሳሮን ለሽማግሌዎች የስፖርት ክላስ የከፈተችው በዚያ ጊዜ ነው። ኢንግልዉድ ያደገች የታክሲ ነጂ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ካይንሲዮሎጂ የሚባል ትምህርት ጨረሰች። እናቷ ምን እንደተማረች ሲጠየቁ "የሐኪም ዓይነት ነው" ይላሉ። አባቷ "የእግር ነው" ይላሉ። ሳሮን ራሷ ሰውነት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚያጠና ትምህርት ነው ትላለች። መንቀሳቀስ ደግሞ ምን ይጠናል ብዬ ነበር በሆዴ። ጉልበቴ ግን ሂጂ አለኝ፤ ሄድኩ።

ክላሱ ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ፌርፋክስ ላይ ከአንድ ምግብ ቤት በላይ ባለች አዳራሽ ውስጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከባሕር የሚመጣው ጭጋግ እስከ መስኮቱ ድረስ ይደርሳል፤ ከታች ሽንኩርት ሲቁላላ ይሸታል፤ መኪኖቹ በጥጥ የተጠቀለሉ ይመስል ድምፃቸው ከሩቅ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠን እግራችንን እናነሣለን፣ የጎማ ገመድ እንጎትታለን። በስድስተኛው ሳምንት ደረጃውን ፊቴን ወደ መንገዱ አድርጌ ወረድኩ። ጎረቤቴ ቆሞ አየኝ። ባርኔጣውን አላወለቀም፤ ሃይማኖቴን የካድኩ መስሎት ሳያዝን አልቀረም። እኔ ግን ሌላ ነገር እንዲያስብ አልፈልግም ነበር። በዚያ ክላስ ምክንያት ወደፊት እያየሁ መውረድ ጀመርኩ፤ የምነግራችሁም ይህ ከእጄ ሊወጣ ሲል የሆነውን ነው።

ሁሉ ነገር የተበላሸው በመጀመሪያው ቀን ነበር፤ ያወቅነው ግን ዘግይተን ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሳሮን ሁለት ሁለት ገጽ ወረቀት ይዛ መጣች። የመጀመሪያው ገጽ በእንግሊዝኛ ነው፤ ስፖርት ስሠራ ብጎዳ አልከስም የሚል። ሁለተኛውን ገጽ እናቷ በአማርኛ ተርጉመውታል፤ ስለ ዕድሜና ስለ ጤና ይጠይቃል። "እያንዳንዱን ሪድ አድርጉት፤ ያልገባችሁን ጠይቁኝ፤ ዝም ብላችሁ ሳይን እንዳታደርጉ" አለች። ልጅቷ ጥፋት የለባትም፤ ብላ ነበር።

ጋሼ መኮንን ግን ሊረዷት ብለው ወረቀቱን ከእጇ ተቀበሏት። ጋሼ መኮንን የአዳራሹ ቁልፍ ያዥ፣ የእድራችንም ጸሐፊ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ፓርኪንግ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ወረቀት ይወዳሉ። ፎርሞቹን እድር ላይ ስማችንን በምንፈርምበት የወረቀት መያዣ ሰሌዳ ላይ ቆንጥጠው አዞሩልን።

የእድር ሰው ያንን ሰሌዳ ሲያይ እጁ በራሱ ይፈርማል። የእኛ እድር ከቀብር የቀረን ሰው ይቀጣል፤ ስለዚህ የመጣው ላልመጣው ይፈርማል። ይህን ማጭበርበር የሚሉ አሉ። እኛ ለሞተው ማዘን፣ ለቀረው መራራት ነው እንላለን። የመጀመሪያውን ገጽ ማንም አላነበበም። ለቀብር ስትፈርም የሞተው ማን እንደሆነ እንጂ ወረቀቱ ምን እንደሚል ትጠይቃለህ እንዴ?

ሁለተኛው ገጽ ሌላ ታሪክ አለው። "ደም ብዛት አለብዎት? ያዞርዎታል? ወድቀው ያውቃሉ?" ይላል። እያንዳንዳችን ከላይ እስከ ታች "የለብኝም"፣ "አያዞረኝም"፣ "አላውቅም" አልን። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ከካርቱም ከመነሣታችን በፊት የጉዞ ሐኪም ይመረምረን ነበር። "እዚህ ጋ ያመኛል" ያለ ሰው አውሮፕላን ትቶት ሄዷል። ያንን ያየ ሰው ከዚያ በኋላ ፎርም ላይ ታሞ አያውቅም። በሐኪም ቤት ይታመማል፣ በስልክ ይታመማል፣ በእግዚአብሔር ፊት ይታመማል፤ ፎርም ላይ ግን እንደ ፈረስ ጤነኛ ነው። በዚያ ጠዋት ፌርፋክስ ላይ አሥራ ሦስት እንከን የለሽ ሽማግሌና አሮጊት ተመዘገቡ። እኔም ስድሳ ስድስት ዓመት ብዬ ጻፍኩ። ያዞርዎታል ለሚለው አያዞረኝም አልኩ።

አሥራ አራተኛዋ በላይነሽ ነበረች። አረፈደች። በሕይወቷ በሰዓቱ የደረሰችው እኔን እትዬ ለማለት ብቻ ነው።

ጋሼ መኮንን መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና ማን ቀረ አሉ። በላይነሽ ተባለ። ይፈረምላት አሉ፤ ሰሌዳውንም እኔ ጭን ላይ አኖሩት። ከእኔ በላይ የሚያውቃት የለም፤ ሁሉም ይህን ያውቃል።

ልክ እንደ እድር ፈርሜላት ላልፍ ነበር፤ ይህን እምላለሁ። ነገር ግን ብዕሩ "ዕድሜ" የምትለዋ መስመር ላይ ቆመ። ከመስኮቱ ውጪ ጭጋጉ ጎዳናውን ውጦታል፤ አዳራሹ ከምድር ተነሥቶ የሚንሳፈፍ ይመስላል። እጄን ሳየው የሌላ ሰው እጅ ሆኖ ታየኝ፤ ደግሞም በጣም ቆንጆ ጽሑፍ ይጽፋል። ሰባ አራት አለ። ደም ብዛት፤ አዎ፣ ጠዋትና ማታ ኪኒን። ማዞር፤ አዎ፣ በተለይ ከዝቅተኛ ቦታ ድንገት ስትነሣ። መውደቅ፤ አዎ፣ አምና መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ፣ ለሰው ግን የመኪና በር መታኝ ብላለች። ግራ ዓይኗን ቀዶ ጥገና። ከታች ፊርማዋን እንደ ድመት ጅራት አጠማዝዤ አኖርኩት። ስጨርስ ንስሐ እንደገባ ሰው ቀለለኝ። የሌላ ሰው ኃጢአት ሲናዘዙ እንዲያ ይቀላል።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሳሮን ፎርሞቹን አንብባ መጣች። ፊቷ ላይ ደስታ ነበር። በአሜሪካ ምድር እንዲህ ጤነኛ ሽማግሌዎች አይታ አታውቅም። አንዲት ሴት ብቻ ታሳዝናለች፤ እሷን ግን በእንክብካቤ ትይዛታለች። ሄዳ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር አመጣችና ግድግዳው ሥር አስጠግታ አስቀመጠችው።

"እትዬ በላይነሽ፣ አንቺ እዚህ ቼር ላይ ሁኚ፣ ኦኬ? ሌሎቹ ሲቆሙ አንቺ ስታንድ አታድርጊ።"

በላይነሽ ዙሪያዋን አየች። ከእሷ የባሱ ሁሉ ቆመዋል። ማታ ደወለችልኝ። ልጅቷ ንቃኛለች፣ ምን አይታብኝ ነው ከግድግዳ ያጣበቀችኝ አለች። አክብራሽ ይሆናል አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወጥ እያማሰልኩ ለብቻዬ ሳቅኩ።

ሳቄ ግን ረጅም አልሆነም። በላይነሽ እውነት ተጽፎላት ከተቀመጠች፣ እኔ ደግሞ ውሸት ጽፌ ቆሜያለሁ። ሳሮን ስድሳ ስድስት ዓመት የሆናትን፣ የማያዞራትን ሴት በጣም ወደደቻት። "አንቺማ ያንግ ነሽ፤ ምንም የለብሽም" እያለች በየሳምንቱ ጨመረችብኝ። መጀመሪያ በአንድ እግር ቁሚ አለች። ቀጥሎ በአንድ እግር ቆመሽ አንገትሽን ግራና ቀኝ አዙሪ አለች። ቀጥሎ ዓይንሽን ጨፍኚ አለች። ግድግዳው እንደ ወንፊት ይዞር ጀመር። ጋሼ መኮንን ልባቸው ውስጥ ባትሪ የተገጠመላቸው ሰው ናቸው፤ እሳቸውም ምንም የለብኝም ብለዋልና ከአጠገቤ እንደ ወጣት ቁጭ ብድግ ይላሉ። ፊታቸው በርበሬ መስሏል። ዓይን ለዓይን ተያየን። ሁለታችንም ምን እንደጻፍን እናውቃለን። እንቅስቃሴያችንን ቀጠልን። ግድግዳው ሥር በላይነሽ በንግሥት ወንበር ተቀምጣ በቅናት ታየናለች፤ እኛ ደግሞ በወንበሯ እንቀናለን።

ሰኔ ገባ። የመንገዱ ዳር ዛፎች ሐምራዊ አበባቸውን አራገፉ፤ ፌርፋክስ ላይ የቆመ መኪና ሁሉ ሙሽራ እንደሚሸኝ አበባ ለበሰ።

የክላሱ መጨረሻ አሥር ደቂቃ ዕረፍት ነው። ሳሮን መብራቱን ታደበዝዝና ዓይናችንን ጨፍነን ውኃ እንድናስብ ትነግረናለች። እኔ ሰው መሀል ዓይኔን ጨፍኜ አላውቅም። ሰው ሲጨፍን ነው ሌላው የሚያደርገውን የሚያደርግ። ስለዚህ አሥራ ሦስቱ ውኃ ሲያስቡ እኔ አሥራ ሦስቱን እመለከታለሁ። በዚህ የታወቅኩ ነኝ።

ያን ማክሰኞ ግን ከአንድ እግር ላይ ወርጄ ስቀመጥ ግድግዳው መዞሩን አላቆመም። ትንሽ ብቻ ልጨፍን አልኩ።

ፌርፋክስ ወንዝ ሆኖ ነበር። ውኃው ሐምራዊ ነው። የፓርኪንግ ገንዘብ መክፈያ ዘንጎቹ እንደ ደንገል ከውኃው መሀል ቆመው ይወዛወዛሉ። እኔ እንደ ሽመላ በአንድ እግሬ ውኃው ላይ ቆሜያለሁ፤ ምንም አልከበደኝም፤ ጉልበቴ አለ፣ ግን አያወራም። ከጭጋጉ ውስጥ በላይነሽ በእድሩ ሰሌዳ ላይ ተቀምጣ እንደ ታንኳ እየቀዘፈች መጣች። ፊቷ የካርቱም ፊቷ ነው፤ ጉንጯ ሙሉ፣ ሻሿ ቢጫ። በስሜ ጠራችኝና ስንት ዓመቴ ነው አለችኝ። ልነግራት አፌን ስከፍት ውኃ ገባበት። ደግማ በስሜ ጠራችኝ። በዚያ ውኃ ላይ ስሜ እንዴት ደስ ይል እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም።

ከዚያ አንድ ነገር ድብ አለ።

ዓይኔን ስገልጥ ሳሮን ፊቴ ተንበርክካ የእጄን የደም ሥር ይዛለች። ኋላ እንደነገረችኝ ፊቴ አመድ መስሎ፣ ራሴ ወደ ደረቴ ወድቆ ነበር። የተኛሁ መስሎኝ ነበር እንጂ ራሴን ስቼ ነው። ልጅቷ ሮጣ ወደ እኔ ስትመጣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች። ሁሉም ጨፍኗል። የማትጨፍነው እኔ ጨፍኛለሁ። በላይነሽ ያንን ጊዜ ስትጠብቅ ቆይታለች ለካ። ብድግ ብላ፣ ማንም ሳያያት፣ ለራሷ ብቻ፣ በአንድ እግሯ ቆመች። ከዝቅተኛ ቦታ ድንገት ስትነሣ ደግሞ ያዞራታል። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

የግራ እጇ አንጓ ተሰበረ። የእሳት አደጋ ሰዎች መጡ፤ አራት ግዙፍ ጎረምሶች። አንደኛው ጎንበስ ብሎ ዕድሜዋን ጠየቃት። በላይነሽ መሬት ላይ እንደተጋደመች ዙሪያዋን የከበብናትን አንድ በአንድ አየችን፤ ከዚያ ያለበሷትን አንሶላ እስከ አገጯ ሳበችና "መኪና ውስጥ እነግርሃለሁ" አለችው። ተርጉሙለት ብትልም ማንም አልተረጎመለትም።

በሳምንቱ የአዳራሹ ኢንሹራንስ ደብዳቤ ጻፈ። ሁለት ነገር ይጠይቃል። የወደቀችው ሴት ፎርሙን በእጇ ፈርማለች ወይ? ስትወድቅ አሠልጣኟ የት ነበረች? መልሱ እስኪጣራ ክላሱ ቆመ። ለሳሮን የመጀመሪያ ሥራዋ ነው፤ ስሟ እንዲህ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ማን ያሠራታል? የእኔን ደግሞ ታውቃላችሁ። ሁለት ማክሰኞ ሳልሠራ ቀረሁ። በሦስተኛው ማክሰኞ ደረጃው አናት ላይ ቆሜ ታች ሳይ ጉልበቴ አልሄድም አለኝ። ዞርኩና ወደ ኋላ ወረድኩ። ጎረቤቴ ባርኔጣውን አወለቀ።

ጋሼ መኮንን ሁላችንንም በአዳራሹ ሰበሰቡን። በላይነሽም እጇን በሰማያዊ ጀሶ አስጠቅልላ መጣች፤ በሰዓቱ መጣች። ጋሼ መኮንን ፎርሟን ከአቃፊ አውጥተው እንደ ታቦት ከፍ አድርገው ያዙት። ሐሳብ አይግባችሁ፣ ፊርማዋ ይኸው፣ አልከስም ብላለች፣ ነገሩ አልቋል አሉ።

በላይነሽ ሊከስ የመጣ ሰው ፊት አልነበራትም። ይህን ስትሰማ ግን ቀና አለች። እኔ ምንም ነገር አልፈረምኩም አለች። ጋሼ መኮንን ፎርሙን ወደ ዓይናቸው አስጠጉና ምን እንደሚል ጮክ ብዬ ላንብበው አሉ። ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ቁጥር ሰው ፊት ሊነበብ ነው።

ሳሮን ተነሥታ ወረቀቱን ከእጃቸው ወሰደች።

"ጋሼ፣ ይሄ የሷ ነው። ስለ ሰው ጤና ጮክ ተብሎ አይነበብም።" አጠፈችውና በላይነሽ ጭን ላይ አኖረችው። ከዚያ ቆመችና ቀስ ብላ፣ አማርኛውን እየፈለገች ነገረችን። ፊርማው የአሠልጣኟን ጥፋት ለማጠብ አይደለም። የሚፈርመው ሰው "ይህን ስሠራ ልጎዳ እችላለሁ፣ አውቄ ገብቻለሁ" እንዲል ነው። በላይነሽ ያላወቀችውን እንዴት ትቀበላለች? ሳሮን ራሷ ደግሞ ቸልተኛ ከሆነች ቢፈረምም አያድናትም፤ ሥራዋ እኛን ማየት ነው፤ የምታየን ደግሞ የጻፍነውን ይዛ ነው።

ጋሼ መኮንን አልተዋጠላቸውም። "በእድር እኮ ሁልጊዜ እንፈራረማለን፣ ልጄ።"

"እድር ለሞተ ሰው ነው፣ ጋሼ" አለች ሳሮን። "ይሄ በሕይወት ላላችሁት ነው።"

ሳሮን ኮስተር አለች። ሶ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ አለች፤ ከእናንተ ውስጥ የደም ብዛት ኪኒን የሚወስድ እጁን ያውጣ። አንድም እጅ አልወጣም። ልጆቻችን ስልካችን ላይ የኪኒን ሰዓት ሞልተውልናል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ልክ ስድስት ሰዓት ሆኖ ኖሯል። መጀመሪያ የጋሼ መኮንን የደረት ኪስ ጮኸ። ቀጥሎ ከኋላ አንድ ቦርሳ። ቀጥሎ ሌላ። እንደ ሌሊት ወፍጮ ቤት ከየአቅጣጫው ይንጫረር ጀመር። ሁላችንም የሌላ ሰው ስልክ ነው ብለን ፊታችንን አዞርን። የእኔም እየጮኸ ነበር። እኔ ጣሪያውን ተመለከትኩ።

ሳሮን ሁሉም እስኪያልቅ ጠበቀች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከአሥራ አራቱ ወረቀት እውነት የተጻፈበት አንዱ ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ ሌላ ሰው ነው የፈረመው አለች። ለኢንሹራንሱ ያለውን እንዳለ እንደምትጽፍ፣ ክላሱም ሊዘጋ እንደሚችል ነገረችን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። የእኔን ጽሑፍ ከእኔው ፎርም ታውቀዋለች።

"እትዬ፣ አንቺ ነሽ?"

ሌላ ቀን ቢሆን እኔ አይደለሁም እል ነበር። ነገር ግን ደረጃው ታየኝ፤ ፊቴ ተንበርክካ የእጄን የደም ሥር ይዛ የነበረችውም ልጅ ታየችኝ። እኔ አያዞረኝም ባልል ኖሮ ወደ እኔ ባልሮጠች ነበር።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "የእሷን የጻፍኩት ግን ሁሉም እውነት ነው። የራሴን ነው የዋሸሁት።"

በላይነሽ ወረቀቱን በቀኝ እጇ ዘርግታ መነጽሯን እንዳደርግላት ምልክት ሰጠችኝ። አደረግኩላት። አንድ በአንድ አነበበች። መታጠቢያ ገንዳው ጋ ስትደርስ አየችኝ። እንደገና ወደ ላይ ተመልሳ ዕድሜው ላይ ቆመች። ከውጪ አንድ አበባ መስኮቱን ነክቶ ሲወርድ አየሁ። ልትቀደው ነው ብዬ ነበር።

"ሰባ አራት ውሸት ነው" አለች፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ። "ሰባ ስድስት ነኝ። ካርቱም ላይ ሁለት ዓመት ቀንሼ ነው የነገርኩሽ።"

እኔ በልቤ ሒሳቡን እንደገና ሠራሁት። ሴትዮዋ ከመጀመሪያውም ስትዋሸኝ ኖራለች። በአምስት ዓመት የምታንሰኝ እትዬ አድርጋኛለች ማለት ነው፤ አይ፣ ተገለበጠብኝ፤ በአምስት ዓመት የምትበልጠኝ ሴት እትዬ ስትለኝ ኖራለች። በደሉ ባላወቅኩት መንገድ በሁለት ዓመት ጨመረ።

ከዚያ ሳሮንን ጻፊ አለቻት። ተቀመጪ ተብዬ በራሴ ፈቃድ ነው የተነሣሁት፣ ልጅቷ ራሷን የሳተች ሴት እየረዳች ነበር፣ ብላ አስጻፈቻት። እኔን "ራሷን የሳተች ሴት" እያለች ሦስት ጊዜ አስደገመችው። በደኅናው እጇ፣ በራሷ ድመት ጅራት፣ ፈረመችበት።

መልሱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። ክላሱ ይቀጥል ተባለ፤ ነገር ግን ሁሉም ሰው ከሳሮን ጋር ለብቻው ተቀምጦ አዲስ ፎርም ይሙላ፣ ማንም ለማንም አይፈርም፣ በዕረፍቱ ሰዓትም ሁለተኛ ጠባቂ ይኑር። ጋሼ መኮንን ሰሌዳውን ወደ ቤታቸው ይዘውት ሄዱ።

ተራዬ ሲደርስ ሳሮን በሩን ዘጋች። የመጀመሪያውን ገጽ አንብቢልኝ አልኳት፤ አነበበችልኝ። ሰባ አንድ ብዬ ጻፍኩ። ያዞርዎታል ለሚለው አዎ አልኩ። ወድቀው ያውቃሉ ለሚለው ሁለት ጊዜ ብዬ የት የት እንደሆነ ጻፍኩ። ፈረምኩ። ሳሮን ክንድ ማሳረፊያ ያለው ሌላ ወንበር ግድግዳው ሥር አስቀመጠችልኝ፤ ከበላይነሽ ወንበር ቀጥሎ።

ማክሰኞ ጠዋት እየፈራሁም ቢሆን ደረጃውን ፊቴን ወደ መንገዱ አድርጌ፣ ብረቱን ይዤ ወረድኩ። አዳራሹ ገባሁ። ወንበሬን ጠጋ አድርጌ ተቀመጥኩ። አሥራ ሁለት ሰው እየሰማ፣ "እትዬ በላይነሽ፣ እንደምን አደሩ" አልኳት።